ዘንድሮ ጉድጓዱን እኛ እንለካለን

እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼም፤ እንደምን አደራችሁ። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ስለ እሑዱ የችግኝ ተከላ ነው የምናገረው፤ ዝናቡ ሳይመጣብን ላሳጥር።

እናቴ ከዚህ ተራራ እንጨት ተሸክማ ስትወርድ ገመዱ ትከሻዋ ላይ ሰንበር ያወጣ ነበር። ማታ ማታ ቅቤ እቀባት ነበር። ዛፉን ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። የጠየቃት ግን የለም። አምና እኔም አንድ የችግኝ ስብሰባ ሄጄ ነበር። ወንዶቹ ስለ ጉድጓድ ጥልቀት ሲከራከሩ እኛ ቡና አፈላን። ቡናውስ ጥሩ ነበር።

እስቲ የሩቅ አገር ሴቶችን ላውጋችሁ። ኤቴል ሄይቶርንትዌይት የሼፊልድ ሴት ናት። ሼፊልድ የእንግሊዝ የብረት ከተማ ነው፤ ኮምቦልቻን አስቡ፣ ዙሪያው ተራራ። ባሏ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተባት። ሐዘኑ ሲከብዳት ተራራ ለተራራ መሄድ ጀመረች። እ.ኤ.አ. በ1924 ማኅበር አቋቋመች። ሎንግሾ የሚባለው የመኳንንት ርስት ለሽያጭ ሲቀርብ መዋጮ አሰባሰበች። ወደ 300 ሄክታር መሬት የሕዝብ ሆነ። በ1951 ያ ተራራማ አገር የብሪታንያ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ተባለ።

«እሷማ የሀብታም ልጅ ናት» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነው። ጋውራ ዴቪ ግን ምንም አልነበራትም። ሕንድ፣ ሂማላያ ውስጥ፣ ሬኒ የምትባል መንደር ነዋሪ ናት። በ1974 ዛፍ ቆራጮች የመጡት ወንዶቹ «ካሣ ውሰዱ» ተብለው ከመንደሩ በወጡበት ቀን ነው። ጋውራ 27 ሴቶችና ልጃገረዶች ይዛ ወጣች። በመጥረቢያውና በዛፉ መሃል ቆሙ። ሲጠብቁ አደሩ። ቆራጮቹ ተመለሱ።

እኔን ግን የሚገርመኝ የኬንያዋ ዋንጋሪ ማታይ ዘዴ ነው። ኖቤል ያገኘችው በ2004 ነው፤ የዛፍ ተከላ ሥራውን የጀመረችው ግን በ1977። ችግኝ ላፈሉ የገጠር ሴቶች ትንሽ ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር። የሚከፈለው ታዲያ ስለተተከለው አይደለም፤ ስለጸደቀው ነው።

እኛ ጋ ፎቶ የሚነሳው የተከላ ቀን ነው። ጥር ላይ ጄሪካን አዝላ ዳገት የምትወጣዋን ማን ፎቶ ያነሳታል? ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። የችግኝ ተከላ ኮሚቴው ግማሽ ሴት ይሁን። ቆጠራው ደግሞ ጥር ላይ ይሁን፤ ቆጣሪዎቹም ውሃ ያጠጡት ይሁኑ።

ጥዱና ወይራው እሑድ ጠዋት ይመጣል። ቡናውን ዘንድሮ ወንዶቹ ያፍሉልን።