ኤድዊን ጃክሰን እና 14ቱ ማልያዎች

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ቤዝቦል ነው። ቆይ፣ አትዝጉት! አውቃለሁ፣ ብዙዎቻችሁ ቤዝቦል ሲባል የሚታያችሁ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሱፍ እየፈለፈሉ የሚተፉ ሰዎች ናቸው። እኔም እዚህ አገር ገብቼ ብዙ ዓመት እስክቆይ ድረስ ከእናንተ አልሻልም ነበር። የዛሬው ወሬ ግን የአንድ ሠራተኛ ወሬ ነው። ሥራው ኳስ መወርወር ነው፤ ፒቸር ይሉታል።

ስሙ ኤድዊን ጃክሰን። ከ2003 እስከ 2019 ባሉት 17 የውድድር ዘመኖች፣ ሜጀር ሊግ በሚባለው ትልቁ ሊግ ውስጥ ለ14 ክለቦች ተጫውቷል። ሊጉ ያለው 30 ክለብ ነው፤ ግማሹን ለመሙላት አንድ ጎደለው ማለት ነው። ክለቦቹ እንደ እቁብ ተራ በተራ የወሰዱት ነው የሚመስለው። እሱ ይህን ሲያደርግ ከዚያ በፊት ማንም አድርጎት አያውቅም።

ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

ጃክሰን የተወለደው ምዕራብ ጀርመን፣ ኖይ-ኡልም የምትባል ከተማ ነው። አባቱ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ነበሩ። ያደገው ግን ጆርጂያ፣ ኮለምበስ ነው። 2001 ላይ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወሰዱት፤ ሁለት ዓመት በታችኛው ሊግ ካሹት በኋላ ሴፕቴምበር 9 ቀን 2003 ወደ ሜዳ አስገቡት። ልክ 20 ዓመት የሞላው ቀን ነው። በእኛ ጳጉሜን 4 መሆኑ ነው፣ እንቁጣጣሽ ሊገባ ሲል። በተቃራኒ ወገን የሚወረውረው ደግሞ ራንዲ ጆንሰን ነበር። ቁመቱ ከሁለት ሜትር የሚያልፍ፣ መቺዎች ስሙን ሲሰሙ ሆዳቸውን የሚቆርጣቸው ሰው። ልጁ አሸነፈው። ያን ማታ ማንንም ብትጠይቁ «ይሄ ልጅ እዚሁ ያረጃል» ይላችሁ ነበር።

አላረጀም። በ2006 መጀመሪያ ለታምፓ ቤይ አሳልፈው ሰጡት። ከዚህ በኋላ ያለውን በደንብ ስሙኝ። ማሸነፍና መሸነፍ ለፒቸሩም በስሙ ይቆጠራል። 2007 ላይ 5 አሸንፎ 15 ተሸነፈ፤ ማንም አልነካውም፣ እዚያው ቆየ። 2008 ላይ 14 አሸነፈ፣ ክለቡም በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወርልድ ሲሪስ፣ ማለትም የዋንጫው ፍጻሜ፣ ደረሰ፤ በዚያው ዲሴምበር ለዲትሮይት ሰጡት። 2009 ላይ ዲትሮይት ውስጥ ኦል-ስታር ተባለ፣ የሊጉ ምርጦች ውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ዲሴምበር ሲመጣ ለአሪዞና ሰጡት። ሲከፋ ያስቀምጡታል፣ ሲያምርበት ይሸጡታል።

እኔ ይሄን ታሪክ መጀመሪያ ስሰማ ተቃራኒውን ነበር የገመትኩት። 14 ክለብ የዞረ ሰው፣ 14 ቦታ «አንፈልግህም» የተባለ ይመስላል። እስከ 2011 ያለው ዙረቱ ግን በሙሉ ሌላ ክለብ ፈልጎት የሆነ ነው። ነገሩ የገንዘብ ነው። አንድ ተጫዋች ስድስት ዓመት እስኪያገለግል ድረስ የሚጫወትበትን ክለብ መምረጥ አይችልም፤ ክለቡ እንዳሻው ያደርገዋል። ሦስት ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ ግን ደሞዙ በግልግል ዳኝነት እየተወሰነ በየዓመቱ ይወጣል። ስለዚህ ጥሩ የሠራበት ዓመት ዋጋው የሚጨምርበትም ዓመት ነው፤ ያኔ «ይሄን ልጅ ሰጥተን ሁለት ርካሽ ልጅ እንውሰድ» የሚል ሰው ቢሮ ውስጥ አይጠፋም።

«እምቢ ቢልስ?» ትሉ ይሆናል። «አሥር እና አምስት» የሚሉት ደንብ አላቸው። አሥር ዓመት ያገለገለ፣ ከዚያም ውስጥ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ክለብ ያሳለፈ ተጫዋች፣ አልሄድም ማለት ይችላል። ይሄም በነጻ አልመጣም። ከርት ፍለድ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ተጫዋች 1969 ላይ ከሴንት ሉዊስ ወደ ፊላደልፊያ ተላልፈሃል ሲባል፣ እኔ የሚሸጥ የሚለወጥ ዕቃ አይደለሁም ብሎ ሊጉን ፍርድ ቤት ገተረው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ 1972 ላይ 5 ለ 3 ተፈረደበት። የኳስ ሕይወቱም በዚያው ተበላሸ። በዓመቱ ግን ይሄ የአሥር እና አምስት ደንብ ገባ፤ እሱ በተከራከረበት ሌላው በላበት።

ጃክሰን አሥሩን ዓመት ሞልቷል። አምስቱን ግን የትም አልሞላም። ረጅሙ ቆይታው ሦስት ዓመት ነው። አያችሁት ነገሩን? አልሄድም ለማለት መጀመሪያ መቆየት አለብህ፤ ቆይ ወይም ሂድ የሚልህ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። እኔን የሚያናድደኝ እዚህ ጋ ነው። ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ሰው ቢሆንም ያናድደኛል።

እሺ፣ አሁን ጁን 25 ቀን 2010። ይቺን ቀን ቀስ ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ ምክንያቱም እንዲህ ያለ የሥራ ቀን ሌላ አላውቅም።

ጃክሰን ለአሪዞና እየወረወረ ነው። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ታምፓ ቤይ። ያው የሰጡት ሰዎች፣ ያውም በራሳቸው ሜዳ። ፒቸሩ አራት ኳስ ከክልሉ ውጪ ከወረወረ መቺው ሳይመታ በነጻ አንደኛ ቤዝ፣ ማለትም ነጥብ ለማግባት ከሚዞራቸው ጣቢያዎች የመጀመሪያው ላይ፣ ይሄዳል፤ ዎክ ይባላል፣ ለፒቸር ውርደት ነው። ጨዋታው ኢኒንግ በሚባሉ ዘጠኝ ዙሮች ይከፈላል፤ ጃክሰን በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ሰባት ሰው በዎክ አሳለፈ። ሰባት! ሦስተኛው ኢኒንግ ላይ አንድም መቺ ከጨዋታ ሳያስወጣ ሦስቱም ቤዞች ሞሉበት። እንደ እኔ ቢሆን ኳሱን አስቀምጬ ወደ ቤቴ ነበር የምሄደው። ከዚያ ግን እንደምንም ወጣ፤ ነጥብ አልተቆጠረበትም። የአሪዞናው አዳም ላሮሽ ቀደም ብሎ አንድ ሆም ረን፣ ማለትም ኳሱን ከአጥሩ በላይ የሚያሻግር ምት፣ መትቶ ስለነበር አሪዞና 1 ለ 0 እየመራ ነው።

አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ኢኒንግ አለፈ፣ ታምፓ ቤይ ገና አንድ ሂት፣ ማለትም መቺውን ቤዝ የሚያደርስ ምት፣ አላገኘም። ዘጠኙን ኢኒንግ እንዲህ ከጨረሰ ኖ-ሂተር ይሆናል። ከ1876 ጀምሮ ባለው የሊጉ ታሪክ ይሄ የሆነው ከ300 ትንሽ በሚበልጡ ጨዋታዎች ብቻ ነው። ችግሩ ክንዱ ነው። በዚህ ዘመን አንድ ፒቸር ወደ 100 ኳስ ሲጠጋ አሰልጣኙ መቁነጥነጥ ይጀምራል። ጃክሰን 100ን ካለፈ ቆይቷል። አሰልጣኙ ኤ ጄ ሂንች ያኔ ገና ወጣት ነበር፤ ያውጣው ወይስ ይተወው? ተወው። ጃክሰን 149 ኳስ ወርውሮ ጨረሰ። ስምንት ዎክ፣ ዜሮ ሂት፣ 1 ለ 0። ንጹሕ ሥራ ነው አልላችሁም። የተዝረከረከ፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ግን ታሪክ ውስጥ የገባ ሥራ ነው።

ከዚያስ? ጁላይ 30 ላይ ለቺካጎ ዋይት ሶክስ ሰጡት። አንድ ወር ከምናምን ቀን። ጁላይ ማለቂያ ላይ ክለቦች ተጫዋች የሚለዋወጡበት የመጨረሻ ቀን አለ፤ አሪዞና እየተሸነፈ ነበር፣ ወጣት ልጆች ፈለገ። በቃ።

በዓመቱ ጁላይ 27 ቀን 2011 ደግሞ ጭራሽ የባሰ ነገር ሆነ። ጠዋት የቺካጎ ተጫዋች ነው። ለቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ተሰጠ። ቶሮንቶ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ማልያውን እንኳ ሳይለብስ፣ ለሴንት ሉዊስ አሳለፈው። አብሮት ወደ ሴንት ሉዊስ የሄደው ማን መሰላችሁ? ኦክታቪዮ ዶቴል። ዶቴል በኋላ ለ13 ክለቦች በመጫወት ሪከርድ የያዘው፣ ጃክሰንም በመጨረሻ ያንን ሪከርድ የሰበረበት ሰው ነው። ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዝውውር፣ ወደ አንድ ክለብ። ያ ዝውውር ለሁለቱም ደግ ሆነላቸው፤ ሴንት ሉዊስ በዚያው ዓመት ቴክሳስን በሰባት ጨዋታ አሸንፎ ወርልድ ሲሪሱን ወሰደ፣ ሁለቱም ለሻምፒዮኖች የሚሰጠውን ቀለበት አጠለቁ። ጃክሰን አራተኛውን ጨዋታ ጀምሮ ተሸንፏል፣ ግን ቀለበቱ እሱን አይጠይቅም።

እኔ ሰውየውን ያወቅሁት በቀጣዩ ዓመት ነው፣ እኛ ከተማ ሲመጣ። 2012 ላይ ለዋሽንግተን ናሽናልስ ፈረመ። ያኔ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ እሠራ ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራ የጎጃም ልጅ ቤዝቦል ለክፎት ጠባቧ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ከፍቶ ይሰማል፣ እኔም ሳልወድ በግዴ ሰማሁ። ናሽናልስ 98 ጨዋታ አሸነፉ። ኦክቶበር 10 ዋሽንግተን ከተማ ከ1933 ወዲህ የመጀመሪያውን የፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዋንጫው የሚደረገውን የጥሎ ማለፍ፣ ጨዋታ አየች። 79 ዓመት ተጠብቆ ለዚያ ቀን ኳሱ የተሰጠው ለማን ነው? ለጃክሰን። ተጋጣሚው? ሴንት ሉዊስ፣ ዓምና ቀለበት ያጠለቀበት ክለብ። 8 ለ 0 ተሸነፍን። ያ ልጅ ሬዲዮውን ጠርቅሞ ዘጋና ቀኑን ሙሉ አላናገረኝም፤ እኔ የወረወርኩት ይመስል። ከሁለት ቀን በኋላ ደግሞ ናሽናልስ 6 ለ 0 ከመሩ በኋላ 9 ለ 7 ተሸንፈው ወጡ፣ ያን አላወራም።

የሥራ ነገር ከተነሳ፣ አዲስ አበባ ያለች አክስቴ በደወልኩ ቁጥር «አሁንም እዚያው ነህ ወይስ ደግሞ ለቀቅህ?» ትለኛለች። «አንተ ልጅ፣ እግርህ አይረጋም?» እዚህ ስንት ቤት ገብቼ እንደወጣሁ መቁጠር ትቻለሁ። ስለ ጃክሰን ሳነብ ያጽናናኝ አንድ ነገር አለ፤ ከዙረቱ ውስጥ በራሱ ፈቃድ የሄደበት በጣም ጥቂት ነው። ለአክስቴ ይሄን ማስረዳት ግን አልቻልኩም። «ታዲያ ጥሩ ሠራተኛ ከሆነ ለምን ይሰጡታል?» ብላ ዝም አሰኘችኝ።

ጃክሰን ራሱ መርጦ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ቺካጎ ከብስ፣ አራት ዓመት፣ 52 ሚሊዮን ዶላር። እዚያ ነው ነገሩ የከፋው። በመጀመሪያው ዓመት 8 አሸንፎ 18 ተሸነፈ፣ በሁለተኛው 6 አሸንፎ 15። 2015 ላይ ውሉ ሳያልቅ አሰናበቱት። የቤዝቦል ውል ግን ዋስትና አለው፣ ብሩን ከፈሉት። ከብስ በቀጣዩ ዓመት ከ1908 በኋላ የመጀመሪያውን ዋንጫ በሉ፤ እሱ ያን ዓመት ከማያሚ ተነስቶ ሳን ዲዬጎ ገብቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ሌላ ሕይወት ነው። አሁን የሚቀያየረው ርካሽ ስለሆነ ነው። አትላንታ፣ ማያሚ፣ ሳን ዲዬጎ፣ ባልቲሞር፣ እንደገና ዋሽንግተን። ወርልድ ሲሪስ ያሸነፈ ሰው የታችኛው ሊግ ውል ፈርሞ፣ ከ20 ዓመት ልጆች ጋር አንድ ልብስ መቀየሪያ ይጋራል፤ አንድ ቦታ የአንድ ፒቸር ክንድ እስኪታመም ይጠብቃል። ኦክላንድ ላይ የአንድ ሳይሆን የብዙ ሰው ክንድ ታመመ። ጁን 25 ቀን 2018 ጠሩት። ኖ-ሂተሩን በወረወረ ልክ በስምንተኛ ዓመቱ፣ በ34 ዓመቱ። 17 ጨዋታ ጀመረ፣ 6 አሸንፎ 3 ተሸነፈ፣ ክለቡም 97 ጨዋታ አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። እኔ ከኖ-ሂተሩ ይልቅ ይሄንን ዓመት እወድለታለሁ። ኖ-ሂተር ላይ ዕድልም እጇን ታስገባለች፤ ጨርሷል የተባለ ሰው ዓመቱን ከግማሽ በላይ በየአምስተኛው ቀን ወጥቶ ሲሠራ ግን ዕድል ብቻ አትበቃም።

ሜይ 15 ቀን 2019 ለ14ኛው ክለብ ወረወረ። የቱ ይመስላችኋል? ቶሮንቶ! 2011 ላይ ለጥቂት ሰዓት የያዘው፣ ማልያውን ሳያለብሰው ያሳለፈው ቶሮንቶ። ውጤቱ አላማረም፣ በጋው አጋማሽ ላይ አሰናበቱት፣ ዲትሮይት ተመልሶ ጨረሰ። 2021 ላይ ቶኪዮ ኦሎምፒክ በአሜሪካ ቡድን ገብቶ ብር ሜዳልያ አገኘ፤ ፍጻሜው ላይ ጃፓን 2 ለ 0 አሸነፈቻቸው። ሴፕቴምበር 2022 ላይ ማቆሙን አስታወቀ። በጠቅላላው 107 አሸንፎ 133 ተሸንፏል። የተሸነፈው ከበለጠ ምን ያኮራል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን 133 ጊዜ እስኪሸነፍ ድረስ ኳሱን ስንት አሰልጣኝ እንደሰጠው ነው የማየው።

ሪከርዱን አሁን ብቻውን አይደለም የያዘው። ሪች ሂል የሚባል ግራኝ ፒቸር 2025 ላይ፣ በ45 ዓመቱ፣ ለካንሳስ ሲቲ ወርውሮ 14ኛ ክለቡን ሞላ። እሱም በአንድ ወቅት ሎንግ አይላንድ ላይ ከሊጉ ውጪ ባለ ቡድን ሲወረውር የነበረ ሰው ነው። የሂልን ታሪክ ዛሬ ከጀመርኩት አንጨርስም፣ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይወጣዋል። ከፈለጋችሁ ጻፉልኝ፣ የሚቀጥለውን ለእሱ አደርገዋለሁ። ቸር ሰንብቱ።