ቅጠሉ ጀሪካኑ ነው

በዚህ ሳምንት ከደወሉልን የአዳማ አድማጮች ብዙዎቹ ያነሱት ስለ አንድ ዓይነት ተክል ነው፤ እሾህ የሌለው፣ ቅጠሉ ወይም ግንዱ ውኃ የቋጠረ፣ በረንዳ ላይ በሸክላ ወይም በቆርቆሮ ስለሚያድገው ተክል። የአትክልት ባለሙያችን የሰጡትን መልስ እነሆ።

ከቦኩ ሸነን የደወሉ እናት፦ ልጄ ያመጣችልኝ ድቡልቡል ቅጠል ያለው ተክል ነው። በየማለዳው ቡናዬን ሳልጥድ በፊት አጠጣዋለሁ። አሁን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ገና ስነካው ይረግፋል። ውኃ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ እናቴ፣ በዝቶበት ነው። እንደ ገለጻዎ ከሆነ ይህ ክራሱላ ነው፤ አገሩ ደቡብ አፍሪካ፣ ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል። ቅጠሉ ጀሪካኑ ነው። ውኃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው እንደሚያደርገው፣ ዝናብ ሲመጣ ሞልቶ ያስቀምጣል። በሞላው ላይ በየቀኑ ሲጨመርበት ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። የተጠማ ቅጠል ይጨማደዳል፤ ውኃ የበዛበት ግን ቢጫ ይሆናል፣ ይለሰልሳል፣ ብርሃን ያሳልፋል።

ዛሬውኑ ነቅለው ሥሩን ይዩት። ጤነኛው ነጣ ያለና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ጠቁሮ፣ ሲሳብ እንደ ረጠበ ክር ይላጣል። ጥቁሩን በንጹሕ ምላጭ ቆርጠው ተክሉን ጥላ ውስጥ አራት አምስት ቀን ያድርቁት። ግንዱም ከጠቆረ፣ ከላይ ጤነኛ ቅርንጫፍ ቆርጠው ቁስሉ ሲደርቅ ይትከሉ። ከተከሉት በኋላ አንድ ሳምንት ውኃ አያሳዩት።

ለአፈሩ አዳማ የታደለች ናት። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉትን ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ባቄላ የሚያክለው ብቻ እንዲቀር ነፍተው፣ ከአሸዋና ከአትክልት አፈር ጋር እኩል እኩል ያደባልቁት። ብዙ ሰው ጠጠሩን ከታች ይደረድራል፤ እኔ አልስማማም። ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቀራል። የሚጠቅመው የማሰሮው ቀዳዳ ነው።

ውኃ መስጠት ሲያስቡ ደረቅ ስንጥር እስከ ታች ሰክተው፣ ጥቂት ቆይተው ይንቀሉት። እርጥብ አፈር ይዞ ከወጣ ይተዉት። በበጋ የአዳማ ነፋስ ሸክላውን ቶሎ ስለሚያደርቀው በየሳምንቱ ወይም በየአሥር ቀኑ ይበቃዋል፤ በክረምት ሦስት ሳምንት ቢቆይም አይሞትም። ሲያጠጡ ግን ከታች እስኪፈስ ያጠጡት።

ከቢሮ የደወለች ወጣት፦ ጠረጴዛዬ ላይ ያለው አንገቱን አስረዝሞ ወደ አንድ ጎን ዘመመ።

መልስ፦ ብርሃን ፍለጋ ነው። ወደ መስኮት አስጠጊው፤ የረዘመው ግን ተመልሶ አያጥርም። ራሱን ቆርጠሽ እንደ አዲስ ትከዪው። ደግሞ ከጥላ አውጥተሽ በአንድ ጊዜ የሚያዝያ ከሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጪው፣ ቅጠሉ ይቃጠላል። በጠዋት ፀሐይ አለማምጂው።

ከፍራንኮ የደወሉ አባት፦ በረንዳችን ላይ በማሰሮ የተተከለ ቅንጭብ አለን። እሾህ ስለሌለው ለልጆች አይጎዳም ብለን ነው።

መልስ፦ ይህን በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። ቅንጭብ ቅጠሉ ኢምንት ነው፤ ውኃ የሚቋጥረው አረንጓዴው ዘንጉ ነው። የቁልቋል ዘመድ ሲሆን እሾህ ባይኖረውም ሲሰበር የሚወጣው ነጭ ወተቱ ቆዳ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ያለ ጓንት ስገርዝ ቆይቼ ግንባሬን ጠረግሁ፤ ላቤ ወተቱን ይዞት ወረደ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳያሹ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ አጥበው ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ትንንሽ ልጆች ካሉ ቅንጭቡን ለአጥር ይተዉትና በረንዳው ላይ ሃዎርቲያ የሚባለውን ሌላ ውኃ ቋጣሪ ተክል ያስቀምጡ፤ እሱ ወተት የለውም፣ ቀለል ያለ ጥላም ይስማማዋል።

ስማቸውን ያልገለጹ አድማጭ፦ ተክል መኝታ ቤት ካደረ አየር ይሻማል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አንድ ማሰሮ ተክል ሌሊቱን ሙሉ የሚወስደው ኦክስጅን አጠገብዎ ከሚተኛው ሰው ጋር አይወዳደርም። እነዚህ ውኃ ቋጣሪዎችማ ጭራሽ የተለዩ ናቸው፤ ቀን ውኃ እንዳይተንባቸው የቅጠላቸውን ቀዳዳ ዘግተው ይውሉና ሌሊት ከፍተው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ። የመኝታ ቤቱ ችግር ሌላ ነው፤ መጋረጃው ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የሚውል ከሆነ ተክሉ ከቢሮ እንደደወለችው ወጣት ተክል አንገቱን ያስረዝማል።