ካንዴላ ብቻ ነው

እንዴት ናችሁ? እጄን ሦስት ጊዜ በኦሞ ታጥቤያለሁ፣ አሁንም ኦሊዮ ኦሊዮ ይሸታል። ማይኩን በሁለት ጣት ነው የያዝኩት።

ዛሬ ስለ ሞተሯ ነው የማወራችሁ። ያማሃ ኤጂ 100 ናት። ኤጂ የሚሉት ግብርና ለማለት ነው፤ ለገጠር ሥራ ታስባ የተሠራች ናት። 97 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት። ማቆሚያዋም በግራም በቀኝም ነው፤ ተዳፋት ላይ በየትኛውም በኩል ትቆማለች። የግብርና ባለሙያ በእሷ ሲመጣ ሮጦ ያልተከተለ የገጠር ልጅ ያለ አይመስለኝም።

አጎቴ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ነው የገዟት። መተማ በረሃ ብዙ ዓመት ነዷት። ከዚያ አዘዞ ግቢያቸው ውስጥ አቆሟት። 14 ዓመት! ዶሮዎቹ ቆጥ አደረጓት። የመቀመጫዋን ነገር ተዉት፣ ምሳ የምትበሉም ትኖራላችሁ።

"አያ፣ ይሽጡልኝ" ስላቸው "ውሰዳት፣ ካንዴላ ብቻ ነው" አሉኝ። ካንዴላ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው ዕቃ ነው። ጎረቤታቸውም ካንዴላ ነው አለ። ሞተሯን የጫነልኝ ባለባጃጅም እንደዚያው። እዚህ አገር የቆመ ሞተር ሁሉ በሽታው ካንዴላ ነው።

እኔም አመንኩ። አዲስ ካንዴላ ገዛሁ፣ ቤንዚን ጨመርኩ፣ መርገጫዋን ረገጥኩ። ንቅንቅ አላለችም። በሙሉ ክብደቴ ቆምኩባት። ጠጠር የሚፈጭ የሚመስል ድምፅ አሰማችና ወረደች። "ለቀቀች!" ብዬ ለሚስቴ ጮህኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ስረግጣት ከረምኩ። አልተነሳችም። ያን ጊዜ ነው ሙሉ በሙሉ ልፍታት ያልኩት።

መፍታት ደስ ይላል፣ አልዋሻችሁም። ሰፈሬ የጎንደሩ አውቶፓርኮ ነው። ስሙን ጣሊያኖች ትተውልን ሄዱ። ቃሉንም እንዲሁ። ጎንደርን የለቀቁት ኅዳር 1934 ነው፣ እኛ ግን ዛሬም ጃፓን የሠራችውን በጣሊያንኛ ነው የምንፈታው። ካንዴላ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ። ካቻቢቴውም ጣሊያን ነው። ብሎኖቹ ግን ጃፓኖች ናቸው፣ እዚያ ላይ ነው የተጣላነው። ጭንቅላታቸው ተራ መስቀል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ተራውን ባለመስቀል ካቻቢቴ ስታስገቡ ይንሸራተትና ጭንቅላቱን ይበላዋል። ሁለት ካበላሸሁ በኋላ ነው የገባኝ። ቀሪዎቹን ናፍጣ አጠጥቼ አሳደርኳቸው፣ ጠዋት ካቻቢቴውን ገጥሜ አናቱን በመዶሻ መታ መታ እያደረግኩ ፈታኋቸው።

ብሎኖቹን በእንቁላል ካርቶን ነው የደረደርኩት። ከየት እንደወጡ በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጠፍኩ። ዶሮ ያቆሸሸውን ዶሮ ይካስ ብዬ ነው።

ያስገረመኝ ካቴናዋ፣ ሰንሰለቷ ማለቴ ነው። በዚህች ሞተር ላይ ካቴናው ዙሪያውን በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው፣ ጭቃና አቧራ እንዳያገኘው። ከፍቼ ሳየው አሁንም ግራሶ እንደተቀባ ነው። 14 ዓመት! ካርቡራቶሩ ግን ያሳዝናል። ቤንዚኑ ደርቆ እንደ ማር ሆኗል፣ ሽታው ደግሞ የቆየ ቀለም ነው። ቤንዚን በልክ የምታሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብሎን፣ ጂግለሯን፣ በቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው ያጸዳኋት። እሷም ብትሆን የመተማ ናት። መተማ ቆላ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው። ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ይሳሳል። በዚያ ጂግለር እዚህ ብትነሳ ቤንዚን ይበዛባትና ስታጨስ ትውላለች። ቀዳዳዋ ጠበብ ያለ መፈለግ አለብኝ።

የኮሎው፣ ማለትም ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ማሸጊያ ጎሚኒዎችም ደርቀዋል። ሁለት ምት ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በእነሱ በኩል አየር ከገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይግልና ፒስተኑ ይነክሳል።

በመጨረሻ የላይኛውን ክዳን፣ ቴስታታዋን አነሳሁ፣ ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቺሊንደር ሳብኩ። ውስጡ ፒስተኑ ቆሞበት የኖረው ቦታ ላይ ቡናማ የዝገት ቀለበት አለ። ይሄ የ14 ዓመቱ ነው። በዝገቱ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች የወረዱ ጭረቶች አሉ። ፒስተኑን ከሚከቡት የብረት ቀለበቶች አንዱ፣ አንዱ ፋሻ፣ ለሁለት ተሰብሯል።

ምን ማድረግ እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ። ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ግማሽ ሲኒ ኦሊዮ ማፍሰስ። ቀናት መጠበቅ። ከዚያ በእጅ፣ ቀስ ብሎ ማዞር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው፣ ለዚያውም በእውነተኛ ቆጥ። አሁን ቺሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ውስጡ ሰፋ መደረግ አለበት። ፒስተኑም በዚያው ልክ ተለቅ ያለ ይገዛለታል። ይሄን የሚሠራልኝ ያገኘሁት ባሕር ዳር ነው፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ። መንገዱ ሲመች እልከዋለሁ።

እስከዚያ ድረስ ለሰው ሁሉ "አጎቴ ጥለዋት በሰበሰች" እያልኩ ነበር። ለእናንተም በባለፈው ክፍል ብያለሁ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጡ። ሚስቴ ቡና አቀረበች። አጎቴ ዱካዋን ስበው ካርቶኖቹ መሃል ተቀመጡ። ቺሊንደሩን አነሱት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት። በጥፍራቸው ጭረቱን ከላይ ወደ ታች ዳሰሱት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የቆየ ነው አያ፣ በዝገቱ ነው" አልኩ።

ዝም አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ "የቆየ ጭረት አያበራም" አሉኝ። ቺሊንደሩን ጨርቁ ላይ አስቀመጡትና ሲኒያቸውን ለሚስቴ ዘረጉላት፣ ሁለተኛ ልትቀዳላቸው።