ከመከልከላችን በፊት እንቁጠር

የተከበራችሁ የድሬ ነዋሪዎች፣ ባለሱቆች፣ የባጃጅና የታክሲ ሹፌሮች፣ የትራፊክ ፖሊስ አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ፓርኪንግ ነው። መንገድ ዳር የቆመ መኪና ከኋላ የሚመጣውን ምን ያህል ያዘገየዋል? ይህን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ ማየት ይቻላል፣ ሲሙሌሽን ይሉታል፤ ለድሬ ደግሞ የግድ ነው እላለሁ። ሰፈራችን ከዚራ የተቀየሰችው ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ከደረሰ በኋላ ነው። መንገዶቿ ይህን ሁሉ ባጃጅ አስበው አልተሠሩም። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን መጋላ ሰፈር ስንገባማ ብሶ ይጠብቃል።

የቆመ መኪና ቦታ እንደሚይዝ ሁላችንም እናያለን። ጉዳቱ የሚብሰው ግን ሲገባና ሲወጣ ነው። የአሜሪካ መሐንዲሶች መብራት ላለው መስቀለኛ መንገድ የሚጠቀሙበት ቀመር አለ። መብራቱ አጠገብ አንድ መኪና ገብቶ ሲቆም ወይም ሲወጣ፣ ጎኑ ያለውን መስመር በአማካይ 18 ሰከንድ ይዘጋል ይላል። በሰዓት 20 ጊዜ ከሆነ 6 ደቂቃ ሄደ፤ ከሰዓቱ አንድ አሥረኛ ማለት ነው። ዳር መኪና መኖሩ ራሱ ሌላ አንድ አሥረኛ ይወስዳል። አንድ መስመር ብቻ ባለው መንገድ ከአቅሙ አንድ አምስተኛው በዚሁ አለቀ።

ሲሙሌሽን ይህን እያንቀሳቀሰ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1992 ናጌልና ሽሬከንበርግ የተባሉ ጀርመናዊ የፊዚክስ ባለሙያዎች መንገድን ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዳቸው 7.5 ሜትር በሆኑ ክፍሎች ከፋፈሉት። በየሰከንዱ ሹፌሩ ፊቱ ክፍት ከሆነ ይፈጥናል፣ ከተዘጋ ፍሬን ይይዛል፣ አንዳንዴም ያለምክንያት ቀዝቀዝ ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። ግን መኪና ሲበዛ፣ ማንም ሳይጋጭ፣ መጨናነቁ ተነስቶ ወደ ኋላ ሲሄድ ስክሪኑ ላይ ታዩታላችሁ። ዳር ላይ የሚገባና የሚወጣ መኪና ጨምሩበት። እሱ ቦታውን ይዞ ከተረጋጋ በኋላም ሰልፉ ወዲያው አይጠፋም።

የውጭ ቀመር ግን የድሬን መንገድ አያውቅም። እኩለ ቀን ላይ ጫት ተራ ጋ ቆማችሁ እዩ። ሹፌሩ ሞተር አያጠፋም። ከቆመው መኪና ጎን ደርቦ ይቆምና መስታወቱን ያወርዳል። ሻጯ ታሳየዋለች፣ ይከራከራል፣ ይከፍላል፣ ይሄዳል። «አንድ ደቂቃ ናት» ይላችኋል። ከኋላው ያለው ባጃጅና አይሱዙ ወደ ተቃራኒው መስመር ይወጣሉ፤ ከፊት የሚመጣውም ይቆማል። የቆሙ መኪኖችን ብቻ ብንቆጥር ይህን ሰው አናገኘውም። እኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሱሞ የሚባል ከጀርመን የመጣ ነፃ የትራፊክ ሲሙሌሽን ፕሮግራም አለ። አንዱን መስመር በስፋቱ ቆራርጦ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሁሉ ያስገባል። ለባጃጅ ከተማ የሚሆነው እንዲህ ያለው ነው።

«ፓርኪንግ ይከልከል» የሚሉ ወገኖች አሉ። በጅምላ ከሆነ አልስማማም። ባለሱቁ እንጀራው ነው። የተከለከለውም መኪና ወደ ቀጣዩ መንገድ ሄዶ ቦታ ፍለጋ ሲዞር ይውላል። መጀመሪያ መስቀለኛው አጠገብ ያሉትን ጥቂት ቦታዎች ብቻ እናንሳና ስክሪኑ ላይ እንሞክር። ቀጥሎ ለጭነትና ለአጭር ቆይታ የሚሆን ቦታ ለይተን እንይ። ስክሪን ላይ ብንሳሳት ማንም ገበያው አይበላሽበትም።

ለዚህ ግን የራሳችን ቁጥር ያስፈልገናል። ባለሱቆች፣ የሚቆሙትን መኪኖች የሚቆጥሩ ልጆች ደብተር ይዘው በራችሁ ላይ ሲቀመጡ ወንበር አትንፈጓቸው። ሹፌሮች፣ የት የት እንደምትዘጉና ለምን እዚያ እንደምትቆሙ ሳትፈሩ ንገሯቸው። የትራፊክ ፖሊሶች፣ በቆጠራው ቀን ሹፌሩን አታባሩት፤ እንደ ወትሮው ይቁም፣ ልጆቹም ያዩትን ይጻፉ።

አመሰግናለሁ።