ከመፈረማችሁ በፊት ይነበብላችሁ

(በሐዋሳ ከተማ፣ የአረጋውያን ቀንን ምክንያት በማድረግ ለእድር አባላት የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ የእድራችን ዳኛና የኮሚቴ አባላት፣ እንደምን አረፈዳችሁ!

መስከረም 21 የአረጋውያን ቀን ነውና ተናገር ስባል፣ ምን ልበል ብዬ የእድሩን ዳኛ ጠየቅኋቸው። "አጭር ይሁን። ምርቃት ደግሞ አታብዛ፣ ምርቃቱ የእኛ ሥራ ነው" አሉኝ። ስለዚህ ዛሬ የማወራው ስለ ወረቀት ብቻ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁኝ፣ ጥብቅና ከመያዜ በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ ራፖር እጽፍ ነበር። ሰው ለጠበቃ የማይነግረውን ለራፖር ጸሐፊ ይነግራል። ምናልባት ዋጋችን ርካሽ ስለሆነ ይሆናል።

አንድ ጠዋት አንዲት እናት ከፌስታል ውስጥ የተጣጠፈ ወረቀት አውጥተው "ልጄ፣ ይህቺን አንብብልኝ፤ የግብር ጉዳይ መስላኝ ነው የፈረምኩት" አሉኝ። አነበብኩት። የስጦታ ውል ነበር። ቤታቸውን ለልጃቸው ሰጥተዋል። ስነግራቸው አልደነገጡም። "ታዲያ ምን አለበት? ስሞትስ ለማን ሊሆን ኖሯል?" አሉ። የመጡትም በሌላ ምክንያት ነበር፦ ባንክ በቤታቸው በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፎባቸዋል። ልጁ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ፣ ንግዱ ከስሮበታል።

ይህ ልጅ ክፉ አልነበረም። ይህን የምለው ሆን ብዬ ነው። እናቱን ከቤት ላስወጣ ብሎ አላሰበም፤ በየወሩ አስቤዛቸውን ያመጣ ነበር። በዕድሜዬ ካየኋቸው እንዲህ ያሉ ጉዳዮች ውስጥ አብዛኞቹ ከጨካኝ ልጅ የመጡ አይደሉም። ደግ ልጅም ይከስራል፣ ከእናቱ ቀድሞ ይሞታል። ያኔ ቤቱ የእሱ ከሆነ አበዳሪው ወይም ወራሾቹ እጅ ይገባል። ስለዚህ ወረቀትን በጥንቃቄ መፈረም ልጅን መጠርጠር አይደለም። ልጆቻችሁ ቅር ቢላቸው ይህን ንገሯቸው።

ስጦታና ኑዛዜ ይለያያሉ። ኑዛዜ የሚሠራው ተናዛዡ ሲሞት ነው። እስከዚያ ድረስ ቤቱ የራሳችሁ ነው፤ ሐሳባችሁን ብትለውጡ ትሽሩታላችሁ፣ ሌላ ትጽፋላችሁ። ስጦታ ግን ሥርዓቱን ጠብቆ ከተፈረመ ቤቱን ዛሬውኑ ይወስደዋል፤ ሕጉ ከዘረዘራቸው ጥቂት ምክንያቶች በቀር ቅር ስላላችሁ ብቻ አይመለስም። የግድ እሰጣለሁ የሚል ካለ ደግሞ ውሉ ውስጥ "እስክሞት ድረስ የመኖርና ኪራዩን የመብላት መብቴ የተጠበቀ ነው" የሚል ይግባበት። ሕጉ ይህን የአላባ መብት ይለዋል። ተጽፎ መቅረት ብቻ ሳይሆን መመዝገብም አለበት።

ኑዛዜም ቢሆን ዝም ብሎ አይጻፍም። በትዳር ዘመናቸውን የጨረሱ ባልና ሚስት፣ እንደ ኖሩት ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ተናዘዙ። እንዴት ያምራል! የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ግን በ1952 ዓ.ም. ከወጣ ጀምሮ ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው ይላል። ልጆቹ ዓመታት ተካሰሱ። ሁለት ወረቀት ቢሆን ኖሮ የአንድ ሉክ ዋጋ ነበር ልዩነቱ።

በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ደግሞ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑም እዚያው ኑዛዜው ላይ መጻፍ አለበት፤ ይህ ካልተጻፈ ዋጋ የለውም። አንደኛው ምስክር በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታም በዚሁ ሥርዓት ነው የሚደረገው።

ይህ የመነበብ ነገር ለእኛ ለሐዋሳ ሰዎች አዲስ አይደለም። የሲዳማ ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀምጠው ጉዳይ ሲያዩ "አፊኒ?" ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ ነው። ሳይሰማ አይፈረድም። ሕጉም በራሱ ቋንቋ "አፊኒ" እያለ ነው። እናንተ ግን ዓይናችሁ ደክሞ፣ መነጽሩ ቤት ቀርቶ፣ "እዚህ ጋ ፈርሚ" ስትባሉ ትፈርማላችሁ። ጸሐፊው ቸኩሏል፣ ልጁም ቸኩሏል፣ ባጃጁ ውጭ ቆሟል። እባካችሁ ባጃጁ ይቁም።

ውክልና ሦስተኛው ወረቀት ነው። ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ንብረት ለማስተዳደር ነው፤ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ግብር ለመክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም በዕዳ ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥሩ 2205 ነው። ችግሩ ዛሬ የሚታተሙት ቅጾች "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ" የሚለውን ሁሉ በአንድ አንቀጽ ያጭቁታል። የማትፈልጉትን አሰርዙ። የሰጣችሁትንም በፈለጋችሁ ቀን ትሽራላችሁ፤ ምክንያት አትጠየቁም። ሽረቱን ግን ለተወካዩና ሰነዱ ለተመዘገበበት ቢሮ ማሳወቅ አትርሱ።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ቀለብ። የቤተሰብ ሕጎቻችን ወላጅ ለልጅ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ልጅም ለተቸገረና ሠርቶ መኖር ላልቻለ ወላጁ ቀለብ የመስጠት ግዴታ አለበት ይላሉ። ይህን ስነግር የማገኘው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "ልጄን ልክሰስ? ሰው ምን ይለኛል?" አንድ አባት ክሱን አስጽፈው ሳያስገቡት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ይዘውት ይዞሩ ነበር። ባየሁዋቸው ቁጥር ኪሳቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። አላስገቡትም።

እኔም ክሰሱ ብዬ አልገፋም። ሽምግልና ይቅደም። ነገር ግን የሽማግሌ ስምምነት በምርቃት ብቻ አይለቅ፤ ማን፣ ስንት ብር፣ በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ ይጻፍና ይፈረም። አልሆነም ከተባለ ፍርድ ቤት ለመሄድ የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ ክስ ማቅረብ ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል።

ስለ ጡረታ ብዙ ጠይቃችሁኛል። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ አዋጅ በ1955 ዓ.ም. ወጥቷል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ጡረታ ውስጥ የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። በጋራዥ ወይም በእህል ወፍጮ ቤት 30 ዓመት ሠርቶ በ2010 ዓ.ም. 60 ዓመት የሞላው ሰው፣ የሚቆጠርለት አገልግሎት 7 ዓመት ብቻ ነው። ለወርሃዊ አበል 10 ያስፈልጋል። ይህ ግፍ ነው ብትሉኝ አልከራከርም። ለእነዚህ ሰዎች ከልጅና ከጎረቤት ሌላ የቀረው በከተማ ሴፍቲኔት፣ ማለትም በመንግሥት የችግረኞች መደገፊያ ፕሮግራም፣ ያለው የቀጥታ ድጋፍ ነው፤ ፕሮግራሙ ሲጀመር ከተመረጡት 11 ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ነበረች። መስፈርቱን በቀበሌ ጠይቁ።

ወደ እድሩ ልዞር። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ግድም ስትቆረቆር 20 ዓመት የነበረው ሰው ዛሬ 85 አልፎታል። የከተማዋን የመጀመሪያ ቤቶች የያዙት እነዚህ ሰዎች ናቸው፤ የመሬቱም ዋጋ ዛሬ ያኔ የነበረው አይደለም። እድራችን ድንኳን፣ ወንበርና ድስት አለው፤ ሁሉም ከሞት በኋላ የሚወጣ ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ኮሚቴው አራት ታማኝ አባላት ይምረጥ። አባል ሊናዘዝ ወይም ሊፈርም ሲሄድ አብረውት ይሂዱ፤ ወረቀቱ ድምፅ ተሰምቶ ሳይነበብ አይፈርሙ፤ ንብረቱን የሚወርሰው ሰው ምስክር አይሁን። ገንዘብ አይጠይቅም።

ስብሰባው ሲያልቅ እዚያ ግንዱ ሥር ጠረጴዛ ይዤ እቀመጣለሁ። ወረቀት ያላችሁ አምጡ፤ መነጽር አያስፈልጋችሁም፣ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ልጆቻችሁ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ቡናው ጋ ይቆዩልን።