አቡነ ጴጥሮስ የገዘቱት መሬት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጅማ እየዘነበ ነው፤ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባባችሁ ታገሱኝ። ዛሬ ስለ ባቡር ላወራ ነው፤ ያውም ሐዲድ ከሌለበት ከተማ ሆኜ።

በ2009 እናቴን ለሕክምና አዲስ አበባ ይዣት ሄድኩ። ያረፍነው ፒያሳ አክስቴ ቤት፣ ቀጠሮው ደግሞ ሳሪስ። የታክሲ ሰልፍ ላይ መቆም አትችልም፤ እግሯን ያማታል። በቀላል ባቡር እንሂድ አልኳት። የሰሜን ደቡቡ መስመር የሚነሳው ከምኒልክ አደባባይ ነው፣ ጣቢያውም ከመሬት በታች ነው። ደረጃው ጋ ስንደርስ ቀጥ አለች። «ልጄ፣ ምድር ውስጥ ልታስገባኝ ነው?» ክንዴን ጨምድዳ ይዛ፣ በስመ አብ እያለች፣ አንድ አንድ ደረጃ ወረደች።

ታች ግን ሰው እንደ ቤቱ ነው የሚሆነው። ዘንቢል የያዙ እናቶች፣ ተማሪዎች፣ አትክልት ተራ የሚወርዱ ነጋዴዎች። ትኬቱ ያኔ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

ባቡሩ ተነስቶ ዋሻው ሲጨልም እንዳትፈራ ብዬ ወሬ ጀመርኩላት። ይህ ዋሻ በአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ በኩል ነው የሚያልፈው፤ ሊቆፈር ሲል በ2005 ሐውልታቸው ተነስቶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፣ ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ፣ እሳቸውም በዚያው ዓመት ወደ ቦታቸው ተመለሱ አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። እናቴ ያደገችው እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አጠገብ፣ ጣሊያን የሠራቸውን ቤቶች እያየች ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ጣሊያን አቡኑን እንደረሸናቸው፣ ሕዝቡ ብቻ ሳይሆን መሬቷም ለጠላት እንዳትገዛ መገዘታቸውን ከአባቷ ስትሰማ ነው የኖረችው። ታዲያ ቀስ ብላ «እሳቸው የገዘቱት መሬት እኮ ነው ይሄ» አለችኝ።

እኔ በዚያ ጣቢያ ስንቴ ወጥቻለሁ፣ ስንቴ ወርጃለሁ፤ ሐውልቱ የተነሳበትን ዓመት አውቃለሁ። ይህን ግን አንድም ቀን አላሰብኩትም። መሬቱ ለእኔ ቁፋሮ ነበር፤ ለእሷ ቃል የተሰጠው መሬት ነው።

ማታ ከሳሪስ ስንመለስ ደረጃውን ወጣን። ደክሟታል፣ ወደ ቤት እንግባ ብላት እምቢ አለች። ያ የሚያማት እግሯ እስከ ሐውልቱ ድረስ ወሰዳት። ነጠላዋን አስተካክላ ፊታቸው ቆመች። አክስቴ ሦስቴ ደወለች፤ አላነሳሁላትም።