ከሐዘንና ከመከራ በኋላ፦ ለአድማጮች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

በዚህ ሳምንት የጥያቄና መልስ ሰዓት በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች በሙሉ ማለት ይቻላል በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ነበሩ፤ የሚወደውን ሰው፣ ሥራውን ወይም ለዓመታት የለፋበትን ነገር ያጣ ሰው እንደ ገና ተስፋ ያለው ሕይወት መኖር ይችላልን? ጥያቄዎቹን አሳጥሬ፣ መልሶቹን ደግሞ በአየር ላይ ከሰጠኋቸው ትንሽ አስፍቼ እነሆ አቅርቤያለሁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ዘመዶቼ ‹‹ይበቃል፣ አሁንማ እርሽው›› ይሉኛል። እኔ ግን አንድ ቀን ደኅና ውዬ በማግስቱ እንደ መጀመሪያው ቀን አለቅሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ከልጆቼ ጋር ስጫወት ሳላስበው ከልቤ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ባለቤቴን የከዳሁት መሰለኝ። ሐዘኔ መቼ ነው የሚያልቀው?

መልስ፦ እህቴ፣ አንድ ቀን ደኅና ውሎ በማግስቱ ማልቀስ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም። ሐዘን በተራ የሚታለፉ ደረጃዎች አሉት የሚለው አስተሳሰብ ብዙ ሰዎችን ያለ ጥፋታቸው ሲያስጨንቅ አይቻለሁ። አለማመን፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድባቴና መቀበል የሚባሉትን አምስት ደረጃዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ያስተዋወቁት የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ኤልሳቤጥ ኩብለር ሮስ ሲሆኑ፣ መነሻቸውም በማይድን ሕመም ተይዘው የራሳቸውን ሞት ከሚጠባበቁ ሕሙማን ጋር ያደረጉት ውይይት እንጂ የቅርብ ሰው የሞተባቸውን ሰዎች ሐዘን መከታተል አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ደረጃዎቹ ሐዘንተኛ ሁሉ የሚፈተንባቸው መመዘኛ ሆነው ቀሩ፤ ‹‹እስካሁን አልተቀበልሁትም ማለት ነው?›› እያለ ራሱን የሚመረምር ሰውም በዛ።

ለእርስዎ ሁኔታ የሚቀርበው ማርግሬት ስትሮብና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ያቀረቡት ማብራሪያ ነው። በእነርሱ አገላለጽ ሐዘንተኛ በሁለት ነገሮች መካከል ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ወደ ጠፋው ሰው ይዞራል፣ ያስታውሳል፣ ይናፍቃል፣ ያለቅሳል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሟቹ ይሠራው የነበረውን ሥራ ተክቶ ይሠራል፣ ልጆቹን ያጫውታል፣ ለጥቂት ሰዓታትም ሐዘኑን ይዘነጋል። ጤናማው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሳይሆን መመላለሱ ነው። ስለዚህ ያ ሳቅዎ ክህደት አልነበረም፤ ሸክም ተሸካሚ አረፍ እንደሚል ልብዎ አረፍ ያለበት ጊዜ ነበር፤ ማግስቱን ያለቀሱትም ከዕረፍትዎ በኋላ ሸክሙን መልሰው ስላነሡ ነው።

‹‹እርሽው›› የሚለውን ምክር በተመለከተ አንድ ታሪክ ላንሣ። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራች የሆኑት ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1917 ባሳተሙት ጽሑፍ የሐዘን ሥራ ልብን ከሟቹ ላይ ቀስ በቀስ ማንሣት እንደ ሆነ አስተምረው ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሶፊ የምትባል ልጃቸው ሞተችባቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 ልጁ ለሞተበት አንድ ወዳጃቸው በጻፉት ደብዳቤ ግን፣ የመጀመሪያው ብርቱ ሐዘን እንደሚበርድ፣ ባዶው ቦታ ግን በምንም እንደማይሞላ፣ እንዲህ መሆኑም ተገቢ እንደ ሆነ፣ ምክንያቱም ልንተወው የማንፈልገውን ፍቅር የምናቆይበት መንገድ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ መሆኑን ገለጡ። በዘመናችን ያሉ ብዙ ባለሙያዎችም ከሟቹ ጋር ያለው ትስስር መልኩን ቀይሮ ሊቀጥል እንደሚችልና ይህም በራሱ ሕመም እንዳልሆነ ይስማማሉ። ማጽናናት የሚለው ቃላችን ራሱ ከመጽናት ጋር የተዛመደ ነው፤ የሚያጽናና ሰው ሐዘንተኛውን ያጸናል እንጂ አያስረሳም። ስለዚህ ባለቤትዎን መርሳት አይጠበቅብዎትም፤ ስሙን በልጆችዎ ፊት ያንሡ፣ ያሳቃቸው የነበረውን ነገር ይንገሯቸው፣ አብረዋቸውም ይሳቁ።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ልጄ በመኪና አደጋ ሞተብኝ። ሰዎች ‹‹ለበጎ ነው፣ ያለ ምክንያት የሚሆን ነገር የለም›› ይሉኛል። እኔ ግን ምክንያቱ ፈጽሞ አይታየኝም። የእርሱ ሞት በእርግጥ ትርጉም ሊኖረው ይችላል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ በስልክ ሲያነሡ ድምፅዎ ሲቆራረጥ ሰምቻለሁና በጥድፊያ ልመልስልዎ አልፈልግም። ‹‹ለበጎ ነው›› የሚለው ቃል ከእርስዎ ከራስዎ አንደበት፣ ከእምነትዎ ጥልቀት የሚወጣ ከሆነ ክቡር ነው፤ ማንም ሊነካብዎ አይገባም። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን፣ ተናጋሪው በጎ ቢያስብም እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ የሐዘንተኛውን አፍ የሚዘጋ ክዳን ይሆናል። የ19 ዓመት ልጅ ሞት ለምን እንደ ሆነ እኔ ላስረዳዎት አልችልም፤ ላስረዳ ብሞክርም ትልቅ በደል ይሆናል።

ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ግን ይቻላል። አንደኛው ‹‹ይህ ለምን ሆነ?›› የሚለው ነው፤ ሁለተኛው ‹‹ይህ ከሆነ በኋላ የእኔ ሕይወት ለምን ይሁን?›› የሚለው ነው። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያላገኘ ሰው ለሁለተኛው ሊያገኝ ይችላል። በተግባር ያየሁት ትልቁ ስሕተት ሰዎች የመጀመሪያው እስኪመለስ ድረስ ሁለተኛውን ለመጠየቅ ለራሳቸው ፈቃድ አለመስጠታቸው ነው።

በቪየና የተወለዱት ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ትርጉም ነው የሚለውን ሐሳብ ማዳበር የጀመሩት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ገና በወጣትነታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ከቤተሰባቸው ጋር ወደ ናዚ ማጎሪያ ተወሰዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ነጻ ሲወጡ አባታቸው፣ እናታቸው፣ ወንድማቸውና ወጣቷ ባለቤታቸው በሕይወት አልነበሩም። ትርጉምን ያስተማሩን ሰው፣ እንግዲህ፣ ትምህርታቸው በራሳቸው ላይ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ወደ ትርጉም የሚያደርሱ ሦስት መንገዶችን አመልክተዋል፤ አንድን ሥራ ሠርቶ ለዓለም ማበርከት፣ አንድን ሰው መውደድ ወይም መልካምና ውብ የሆነውን መቅመስ፣ ሊለወጥ በማይችል መከራ ፊት ደግሞ የራስን አቋም መምረጥ። ሦስተኛው ለማይቀረው መከራ ብቻ የተባለ ነው፤ ሊወገድ የሚችለውን መከራ ማስወገድ እንጂ መሸከም ጀግንነት እንዳልሆነ እርሳቸው ደጋግመው አስገንዝበዋል። ይህ ማስገንዘቢያ ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ አጥብቄ አነሣዋለሁ፤ መከራ ሰውን ያስተምራል እየተባለ ሰው በከንቱ እንዲሠቃይ የሚመከርበት ጊዜ አለና።

ከጽኑ መከራ በኋላ ሰዎች ስለሚያሳዩት ዕድገት ሪቻርድ ቴደስኪና ሎውረንስ ካልሁን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን ሰፊ ጥናት አድርገዋል። አንዳንዶች ከሰው ጋር ያላቸው ቅርርብ እንደሚጠነክር፣ ሕይወትን ይበልጥ እንደሚያከብሩ፣ እምነታቸው እንደሚጠልቅ ይናገራሉ። ነገር ግን ምሁራኑ ራሳቸው ዕድገቱ የሚመጣው ከመከራው ሳይሆን ሰውየው ከመከራው ጋር ከሚያደርገው ትግል እንደ ሆነ፣ ሕመሙም ከዕድገቱ ጎን ለጎን ሊቀጥል እንደሚችል ያስረዳሉ። ስለዚህ ማንም ‹‹ምን ተማርህበት?›› ብሎ ሊጠይቅዎ መብት የለውም። ያልተማሩበት ቢሆንም ጉድለት የለብዎትም።

ጊዜው ሲፈቅድልዎ፣ ምናልባት ከወራት በኋላ፣ ራስዎን አንድ ነገር እንዲጠይቁ እመክራለሁ፤ ልጄ ይወደው ከነበረው ነገር ውስጥ ከእርሱ ጋር እንዲቀበር የማልፈቅደው የትኛውን ነው? ታናናሾቹን ያስጠና ከነበረ፣ የማስጠናቱ ሥራ ባለቤት ይፈልጋል። ለጓደኞቹ የሚደርስ ልጅ ከነበረ፣ ጓደኞቹ አሁንም ይኖራሉ፤ ምናልባት እነርሱም ለማን እንደሚያለቅሱ ግራ ገብቷቸው ይሆናል። ይህ የእርሱን ሞት በጎ አያደርገውም፤ የእርሱ ሕይወት ግን በእርስዎ እጅ በኩል ሥራውን እንዲቀጥል ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ለ15 ዓመት የሠራሁበትን ሥራ አጣሁ፤ ቁጠባዬም ተሟጠጠ። የሞተብኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ማዘኔ ራሱ ያሳፍረኛል። ተስፋ ቁረጥ ቁረጥ ይለኛል።

መልስ፦ ሐዘን የሞት ብቻ አይደለም። ኬኔት ዶካ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተሙት ሥራ ኅብረተሰቡ ዕውቅና የማይሰጠው፣ በግልጽ ለማልቀስም ቦታ የማይገኝለት ሐዘን እንዳለ አስረድተዋል፤ የእርስዎም የዚያ ዓይነት ነው። ሥራ ሲጠፋ የሚጠፋው ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ጧት የመነሻ ምክንያት፣ የባልደረቦች ሰላምታ፣ ‹‹እገሌ እንዲህ ዓይነት ባለሙያ ነው›› የሚያሰኝ ማንነትም ጭምር ነው። ስለዚህ ኀፍረቱን ይተዉት፤ ያጡት ትልቅ ነገር ነው።

ተስፋን በተመለከተ፣ ቻርልስ ስናይደር የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁር ተስፋ ‹‹ሁሉም ይስተካከላል›› ብሎ ከመመኘት የተለየ እንደ ሆነ አስተምረዋል። በእርሳቸው ትምህርት መሠረት ተስፋ ያለው ሰው የሚደርስበት ግብ አለው፣ ወደ ግቡ የሚወስዱ ከአንድ የበለጡ መንገዶች ይታዩታል፣ መንገዱንም መሄድ እችላለሁ የሚል ጉልበት አለው። ተስፋ ሲደክም ከእነዚህ የትኛው እንደ ጎደለ መመርመር ይቻላል። ከንግግርዎ እንደ ተረዳሁት ግቡ አልጠፋብዎትም፤ የተዘጋው የለመዱት አንዱ መንገድ ነው፤ ጉልበትዎንም ያደከመው በዚያው በር ላይ ቆሞ መቅረት ነው። በቋንቋችን ተስፋ ይሰነቃል እንላለን፤ ስንቅ ደግሞ ለዛሬው መንገድ የሚበቃ ነገር ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ዓመት ለጊዜው ይተዉትና ለዚህ ሳምንት የሚበቃ ግብ ያውጡ፤ ሙያዎን ለሚያውቁ ሦስት ሰዎች ሥራ እንደሚፈልጉ በግልጽ መንገር አንድ ግብ ነው። ዕዳ ካለብዎ ሳይውል ሳያድር አበዳሪውን ያነጋግሩ፤ የተደበቀ ዕዳ ከገንዘቡ በላይ እንቅልፍ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከጠፋ አምስት ዓመቱ ነው። ሞቷል ብዬ ላልቅስ ወይስ ይመጣል ብዬ ልጠብቅ?

መልስ፦ ሁለቱንም። ፖሊን ቦስ የተባሉ ምሁር የደረሱበት ያልታወቀ ወታደሮችን ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሲያጠኑ፣ እጅግ ከባድ ከሚባሉት ሐዘኖች አንዱ እንዲህ ያለው ቁርጡ ያልታወቀ ማጣት እንደ ሆነ ተገንዝበዋል። ‹‹ቁርጥሽን እወቂ›› የሚሉሽ ሰዎች ማንም ሊያውቀው ያልቻለውን እንድታውቂ ነው የሚጠይቁሽ። ‹‹ምናልባት አይመለስም፣ ምናልባትም ይመለሳል›› የሚለውን በአንድ ልብ መያዝ የአእምሮ መዛባት አይደለም፤ እውነቱ ራሱ እንዲህ ስለ ሆነ ነው። ፍለጋውን ሳትተዪ ትምህርትሽን፣ ትዳርሽን፣ ልጆችሽን መቀጠል ትችያለሽ፤ የእርሱን ቦታ መጠበቅ የአንቺን ሕይወት ማቆምን አይጠይቅም።

ጥያቄ፦ እናቴ አባቴ ከሞተ ስምንት ወር ቢሆነውም ከቤት አትወጣም፣ ምግብ በግድ ነው የምትቀምሰው፣ ‹‹እኔም በሄድሁ›› ትላለች። ይህ የተለመደ ሐዘን ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ባለሙያ እንዲያያት የሚያስፈልግ ይመስለኛል፤ ይህም እናትሽ ደካማ ስለ ሆነች አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ የተራዘመ ሐዘን ራሱን የቻለ የጤና ችግር ሆኖ ተመዝግቧል፤ መለያውም ቢያንስ ለስድስት ወር የዘለቀ፣ ከአካባቢው ባህል ልማድ በግልጽ ያለፈና ዕለታዊ ኑሮን ያሰናከለ ጽኑ ናፍቆት ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በበኩሉ ለዐዋቂዎች አንድ ዓመት ይላል። ለዚህ ችግር ተብሎ የተዘጋጀ፣ 16 ክፍለ ጊዜ የሚወስድ የንግግር ሕክምና አለ፤ ብዙዎችንም ረድቷል። ‹‹እኔም በሄድሁ›› የሚለውን ግን እስከ ቀጠሮው ቀን አታሳድሪው። ‹‹እማዬ፣ ሕይወትሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?›› ብለሽ በፍቅር፣ በቀጥታ ጠይቂያት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልባትም። አዎ ካለችሽ ብቻዋን አትተያት፣ ሊጎዷት የሚችሉ መድኃኒቶችንና ሌሎች ነገሮችን አርቂ፣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም ውሰጃት።

ጥያቄ፦ ባልደረባዬ ሚስቱ ሞተችበት። የምለው ነገር ስለሚጠፋብኝ እየሸሸሁት ነው። ምን ልበለው?

መልስ፦ መሸሽዎ ከቃል ማጣትዎ ይበልጥ ይጎዳዋል። ‹‹ምን እንደምልህ አላውቅም፣ ግን ላይህ መጣሁ›› ማለት ይበቃል። የሚስቱን ስም ይጥሩ፤ ስሟን በማንሣትዎ አያስታውሱትም፣ ቀድሞውኑም አልረሳትምና። ሰው ሁሉ በሚጎርፍበት በመጀመሪያው ሰሞን ካልሄዱም ግድ የለም፤ ቤቱ ጭር በሚልበት በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይሂዱ። ‹‹የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ›› ቢሉት አይነግርዎትም፤ ‹‹ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ›› ቢሉት ግን እሺ ሊል ይችላል፤ ማክሰኞም ሲደርስ ሳያረፍዱ ይገኙ።